በማሠልጠኛው በዓል ዋዜማ ስለተዘረጋው ገመድ የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወይዘሮ ፈንታነሽ በላቸው
ዕድሜ፦ አርባ ስድስት ዓመት (በግምት)
የትውልድ ቦታ፦ ብቸና አጠገብ
አድራሻ፦ ሞጣ ከተማ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች
ሥራ፦ የበርበሬና የቅመም ችርቻሮ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ ብቸና ፖሊስ ጣቢያ፣ ሰኞ ጥር 20 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ ከቀትር በፊት
ቃሉን ተቀብሎ የጻፈው፦ ዐሥር አለቃ ወልደ ኪዳን
ጉዳዩ፦ አቶ ገላው በላቸው የማሠልጠኛውን መምህር አቶ ገብረ ሕይወትን በዱላ መትቶ እጃቸውን ስለ መስበሩና የጦር መሣሪያ ይዞ በመንግሥት ሥራ ላይ ዐምፆአል ስለ መባሉ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከዚህ በላይ የተጻፈው ምስክር፣ እውነቱን ብቻ ለመናገር ወንጌል መትቼ ከማልሁ በኋላ የሚከተለውን አስረድቻለሁ።

ተከሳሹ ገላው በላቸው የእናት የአባቴ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሜ ነው። የተጎዱትን አቶ ገብረ ሕይወትን ግን ያለፈው ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት አላውቃቸውም። ለወንድሟ ታደላለች የሚል ሰው ቢኖር፣ እኔና ገላው በአባታችን ርስት ምክንያት ሦስት ዓመት ሙሉ በሽማግሌ ፊት ስንከራከር መኖራችንን ብቸና ውስጥ የማያውቅ የለም። «አንቺ ሞጣ ገብተሻል፣ የሞጣ ሰው ሆነሻል» እያለ ድርሻዬን ከልክሎኛል። በእርሱ ላይ ለመመስከር ከእኔ የበለጠ ምክንያት ያለው ሰው አይገኝም። ይህን አስቀድሜ ያስመዘገብሁት ቀጥሎ የምናገረው ከፍቅር የመጣ እንዳይመስል ብዬ ነው።

ለጋብቻ ወደ ሞጣ ከሄድሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ባለቤቴ ሞቷል። ሰብለ ወንጌል የምትባል አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ካለፈው መስከረም ጀምሮ ብቸና ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የሕዝባዊ ኑሮ ዕድገት ማሠልጠኛ ውስጥ ስፌትና የቤት አያያዝ ትማራለች። የምታድረውና የምትበላው በገላው ቤት ነው። ከእኔ ጋር እየተካሰሰ ልጄን ማሳደሩ ለሰሚው ግራ ይሆናል። ለእኛ ግን ግራ አልነበረም፤ ክርክሩ የርስት ነው፣ ልጅቱ የእኅቱ ልጅ ናት።

በጥምቀት ማግስት ሞጣ ጊዮርጊስ ቅዳሴ እንዳበቃ፣ የብቸናው ማሠልጠኛ ጥር 19 ቀን እሑድ በሩን ለሕዝብ የሚከፍት መሆኑ በደጀ ሰላሙ ተነገረ። ተማሪዎቹ የሠሩት ጠረጴዛና ወንበር፣ የሸመኑት፣ ያበቀሉት ጎመንና ካሮት ይታያል ተባለ። ጤና ረዳት ስለ ንጽሕና ያስረዳል፤ ከሰዓት በኋላ የሞጣና የብቸና ተማሪዎች ገመድ ይጓተታሉ፣ ሩጫም ይሮጣሉ፤ የሴት ልጆች ሩጫም አለበት ተባለ። ይህን ጊዜ ከጎኔ የነበሩት ሴቶች ወደ እኔ ዘወር ብለው ሳቁ፤ ልጄ እዚያ እንደምትማር ያውቃሉ። እኔ ልጄ ከሚሮጡት አንዷ መሆኗን ገና አልሰማሁም ነበር። ቢሆንም ልሄድ ቆረጥሁ።

በዚያ ሰሞን ሞጣም ብቸናም ሰው የሚያወራው ሁሉ ስለ መሬት ነበር። አዲስ የግብር አዋጅ ወጥቷል፤ መሬት ለኪዎች ቀላድ የሚባለውን የመለኪያ ገመድ ይዘው ይመጣሉ፤ በቀላድ የተለካ ርስት ለልጅ ልጅ አይተላለፍም እየተባለ ይወራል። እውነት ይሁን ሐሰት የማውቀው ነገር የለም። ሰው ፈርቶ እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ እኔም ፈርቼ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ የሞጣ ተማሪዎች በተሳፈሩበት የጭነት መኪና ላይ ለምኜ ወጣሁ። መኪናው ላይ ለጉተታው የሚሆን ወፍራም ገመድና የችካል እሥር ተጭኖ ነበር። ጉንደ ወይን ስንደርስ መኪናው ውኃ ሊጨምር ቆመ። አንድ ሽማግሌ ቀርበው ገመዱንና ችካሉን አዩና፣ «ልጆቼ፣ ይህ ቀላድ ነው?» ብለው ጠየቁ። ከልጆቹ አንዱ ቀልደኛ፣ «አዎ አባባ፣ ብቸናን ልንለካ ነው» አላቸው። ሁሉም ሳቁ። ሽማግሌው አልሳቁም፤ መኪናው እስኪነሣ ድረስ ቆመው ሲያዩን ነበር። እኔም ያን ጊዜ ከሳቁት ጋር ስቄአለሁ።

ብቸና የደረስነው ቀትር ላይ ነው። መኪናው ያወረደኝ በማሠልጠኛው በር ላይ ነው። በወጉ ቢሆን መጀመሪያ መሄድ የነበረብኝ ወደ ወንድሜ ቤት ነው። ክርክር ቢኖርም ከሩቅ የመጣች እኅት የወንድሟን ደጅ አልፋ ሌላ ቦታ አትገባም። ነገር ግን ቤቱ ከዚያ ቁልቁል ራቅ ይላል፤ ልጄን አይቼ አብረን እንሄዳለን ብዬ ገባሁ።

ግቢው ውስጥ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነበር። አዳዲሶቹ ጠረጴዛዎች በተርታ ቆመዋል፣ ቀለማቸው ገና አልደረቀም። የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የነገው ዝግጅት በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ተለጥፏል። ልጄን ያገኘኋት ከጉልበቷ ትንሽ ዝቅ የሚል ሱሪ ለብሳ ነው። ሐፍረት ያዘኝ፤ «ይህ ምንድን ነው?» ብዬ ተቆጣሁ። «እማዬ፣ አንዴ ብቻ እይኝ፣ ከዚያ ተቆጪኝ» አለችና ከበሩ እስከ ጎመኑ መደብ ሮጣ ተመለሰች። ስትሮጥ አየኋት። እንዲህ ያለ እግር ከማን እንዳመጣችው አላውቅም። ደስ አለኝ፤ መደሰቴን ግን አልነገርኋትም።

አቶ ገብረ ሕይወት ከዓዲግራት ተመድበው የመጡ የግብርና መምህር ናቸው። የሩጫውን መስመር የሚያዘጋጁት እርሳቸው ነበሩ። የግቢው ሜዳ ለመቶ ሜትር አጠረ። ከሜዳው ቀጥሎ አጥር የሌለው፣ ጤፉ ታጭዶ ቃርሚያው ብቻ የቀረ ማሳ አለ። መምህሩ ወደ እኔ መጥተው፣ «እናቴ፣ ይህ ማሳ የማን እንደሆነ ያውቃሉ?» አሉኝ። «የአባቴ ነው» አልኋቸው። «እንግዲያው ለአንድ ቀን ይፈቅዱልናል?» አሉ። «ፈቅጃለሁ» አልሁ። ይህን ስል አልዋሸሁም። ማሳው የአባቴ የበላቸው ነው፤ የእኔ ድርሻ ይህኛው ጫፍ ይሁን ያኛው ገና አልተለየም እንጂ ድርሻ አለኝ። ደግሞም ከአጨዳ በኋላ በዚያ ማሳ የማንም ከብት ይሰማራበታል፤ ልጆች ቢሮጡበት ምን ይሆናል አልሁ።

የማሠልጠኛው ወንዶች ተማሪዎች ዕቃ ሊያመጡ ገበያ ሄደው፣ የሞጣዎቹም ግቢ ውስጥ በቁፋሮ ተይዘው ስለነበር መምህሩ የሚረዳቸው ሰው አጡ። የገመዱን ጫፍ እንድይዝላቸው ለመኑኝ። ይዤ አባቴ በእጁ እስከተከለው ወይራ ድረስ ሄድሁና ቆምሁ። ሌላውን ጫፍ ልጄ ያዘች። መምህሩ በመካከላችን እየተመላለሱ ችካል ይተክላሉ፣ በችካሉ ሥር አመድ ይበትናሉ። እኔም ችካሉ ከተጣመመ «ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ» እያልሁ አሳያቸው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ መምህሩ የሌላ አገር ሰው ስለሆኑ አላወቁትም። በእኛ ዘንድ ወንድምና እኅት ርስት ሲካፈሉ በመሬቱ ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ ጫፉን ይዞ የሚቆመውም ድርሻ ጠያቂው ነው። ይህን እኔ አላጣሁትም። ያን ጊዜ ግን ሐሳቤ ሁሉ ልጄ ላይ ስለነበር ገመዱ የሩጫ ገመድ ብቻ ነበር።

በዚያው ሰዓት ገበያ ውስጥ የሆነውን በዓይኔ አላየሁም። የሰማሁት ከራሱ ከአቶ ጓዴ ነው። አቶ ጓዴ ቀድሞ አዋጅ ነጋሪ የነበረ ሰው ነው፤ አሁን የማሠልጠኛውን ወሬና ዝግጅት በየገበያው ቀን የሚያሰማው እርሱ ነው። ድምፁ አንድ ብቻ ነው፤ የእንቁላል ዋጋ ቢያወራም አዋጅ ይመስላል። የዚያን ቀን ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ «ስማ! ያልሰማህ ስማ! ከሞጣ የሚጠበቁት እንግዶች ገብተዋል! የሜዳው ልኬታ በዛሬው ቀን ይፈጸማል! ነገ ሁላችሁም በቦታው ተገኙ!» ብሏል። ስለ ሩጫው ቀጥሎ ሊናገር ነበር። ገላው ግን ጤፉን እየሸጠ እዚህ ድረስ ከሰማ በኋላ የቀረውን አልጠበቀም። ስለ ልኬታ ሰማ፣ ከሞጣ ስለመጣ ሰው ሰማ፤ ሞጣ ያለችው ደግሞ እኔ ነኝ። ጆንያውን ለጎረቤት ጥሎ ሄደ። የተከተሉትም ሰዎች ነበሩ።

ማሳው ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። በአባታችን ወይራ ሥር፣ ገመድ በእጄ ይዤ። ገላው ከልጅነቱ ጀምሮ እታለም ነው የሚለኝ፤ በሽማግሌ ፊት ስንካሰስ እንኳ እታለም ነበር የሚለኝ። የዚያን ቀን በስሜ ጠራኝ። «ፈንታነሽ! ደጄን አልፈሽ፣ መንግሥት አስከትለሽ፣ በማሳዬ ላይ ገመድ ትጥያለሽ?» አለ። እኔ ያን ጊዜ ለሩጫ ነው ብዬው ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ይበርድ ነበር። እኔ ግን ማሳዬ የሚለውን ቃል ስሰማ ደሜ ፈላ። «ማሳህ? አባትህ ለአንተ ብቻ ነው የወለደው? እኔ ሞቻለሁ?» አልሁት። መምህሩ ከወዲያ ሆነው፣ «ለሩጫ ነው! ለሩጫ ነው!» እያሉ ጮኹ። ገላውም፣ «ገመድ ተክሎ የሚሮጥ ማን አለ?» አላቸው።

ከዚያ ቢላዋውን አውጥቶ ገመዱን ቆረጠ። ችካሎቹን በእግሩ ነቃቀለ። እኔም ችካሉን መልሼ ልተክል ጎንበስ ስል ዱላውን አነሣ። ዱላው የተነሣው በእኔ ላይ ነው። መምህሩ ሮጠው በመካከላችን ገቡና እጃቸውን ዘረጉ፤ ዱላው እጃቸው ላይ አረፈ። የአጥንቱን ድምፅ ሰምቻለሁ። የዐሥር አለቃው መዝገብ ገላው መምህሩን ለመምታት መጣ ይላል፤ ይህ ስሕተት ስለሆነ እንዲታረም እጠይቃለሁ። ለእኔ የመጣውን ዱላ ነው መምህሩ የተቀበሉልኝ። የማያውቋት ሴት ነኝ። ይህን ሳስበው አሁንም እንባዬ ይመጣል።

የመምህሩን ጩኸት ሰምተው ከሞጣ የመጡት ልጆች አካፋና ዶማ ይዘው ከግቢው ወጡ። ከገላው ኋላ የነበሩትም ሰዎች ዱላቸውን አነሡ። ገላው ምንሽር ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ ነበር። ምንሽሩን አውርዶ ደግኗል የሚል ምስክር እንዳለ ተነግሮኛል። እኔ ከሁሉም ይልቅ ቅርብ ነበርሁ። ምንሽሩን አላወረደም። እጁ ግን ወደ ማንገቻው ሄዷል፤ ይህንንም አልደብቅም። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣው፣ «ገላው! በሕግ አምላክ! በንጉሥ አምላክ!» የሚል ነው።

ቆመ። እጁ ማንገቻው ላይ እንዳለ ቆመ። ከኋላው የነበሩትም ቆሙ። በንጉሥ አምላክ የተባለ ሰው እግሩን ካነሣ ወንጀለኛ መሆኑን ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ እርሱም ያውቃል። ዐሥር አለቃ ይህን በደንብ እንዲጽፉልኝ ጠይቄአለሁ፤ በመንግሥት ላይ ያመፀ ሰው በንጉሥ ስም ሲጠራ አይቆምም። ያውም የጠራው ወታደር አይደለም፣ ዳኛ አይደለም። ከሳሹ የሆነች አንዲት ሴት ናት። ገላው ግን ቆሟል።

ተከሳሹ ስለ መንግሥት ክፉ ቃል ተናግሮ እንደሆነ ተጠይቄ፣ በመንግሥት ላይ የተናገረው ስድብ የለም ብዬ መልሻለሁ። ስለ እኔ ብዙ ተናግሯል፤ አስፈላጊ ከሆነ ልዘረዝረው እችላለሁ።

ከዚያ በኋላ ነጠላዬን ዘርግቼ ወደ እርሱ ሄድሁ። «ና፣ ዳኛ ፊት እንሂድ» አልሁት። አባቶቻችን ሲካሰሱ የልብሳቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ የተቋጠረ ሰው አይሸሽም፣ አይመታምም። አሁን ይህ ቀርቷል ይባላል። ገላው ግን ትንሽ ካሰበ በኋላ የጋቢውን ጫፍ ሰጠኝና ከነጠላዬ ጋር ቋጠርሁት። ጥይቱን ከምንሽሩ አውጥቶ ኪሱ ከተተና ምንሽሩን ለሰብለ ወንጌል ሰጣት። መምህሩን ወደ ክሊኒክ ወሰዷቸው፤ እኛ ሦስታችን ወደ ከተማ ወጣን። እኔና ወንድሜ ተቋጥረን ከፊት፣ ልጄ የሩጫ ሱሪዋን እንደለበሰች ምንሽር ተሸክማ ከኋላ። በገበያው መካከል ስናልፍ አቶ ጓዴ ንግግሩን አቋርጦ ያየን ነበር።

መንገድ ላይ ገላው እርምጃውን ከእርምጃዬ ጋር እያስተካከለ ይሄድ ነበር። ድልድዩን ካለፍን በኋላ፣ «እውነት ለሩጫ ነው?» አለኝ። «ለሩጫ ነው» አልሁት። «ማን ነው የሚሮጠው?» አለ። በዐይኔ ወደ ኋላ አሳየሁት። ዘወር ብሎ ከእግሯ እስከ ራሷ አያት። ቆይቶ፣ «ታሸንፋለች?» አለኝ። «አይቻታለሁ፣ ታሸንፋለች» አልሁት። ከዚያ በኋላ እዚህ ፖሊስ ጣቢያ በር ድረስ መጣን።

ስለዚህ መዝገቡ ላይ «በሕዝብ ትብብር ተይዞ ቀረበ» ተብሎ የተጻፈው እውነት አይደለም። የያዘው ሰው የለም። ከእኔ ጋር ተቋጥሮ በእግሩ መጣ።

መምህሩን ትናንት እሑድ ክሊኒክ ሄጄ ጠይቄአቸዋለሁ። እጃቸው በእንጨት ታስሯል። እግራቸው ላይ ወድቄ ስለ ወንድሜ ይቅርታ ለመንሁ፤ አንሥተው ከአጠገባቸው አስቀመጡኝ። ሊጠይቁኝ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ፤ ይኸውም ሰው ለምን እንዳልመጣ ነው። በበዓሉ ቀን ከተማሪዎቹና ከሞጣ ልጆች በቀር ግቢው የገባ ሰው አልነበረም። ጠረጴዛዎቹ እንደተደረደሩ ዋሉ። ጤና ረዳቱ ለባዶ አግዳሚ ወንበር ተናግሮ ሄደ አሉ። ማሠልጠኛው ዝግጅቱን በሚቀጥለው እሑድ ለመድገም አስቧል፤ አቶ ጓዴም ምን ብሎ እንደሚያሰማ ጨንቆታል። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ገላው ዐመፀኛ ተብሎ ወደ ደብረ ማርቆስ ከተላከ፣ አቶ ጓዴ በመልአክ ድምፅ ቢናገር እንኳ የሚመጣ የለም። ሕዝቡ የሚያምነው ገመድ ሲዘረጋ ሰው እንደሚታሰር ነው። ያን የፈራውን ነገር እውነት ታደርጉለታላችሁ።

ወንድሜ ምንም አላጠፋም አልልም። የሰው እጅ ሰብሯል፤ ለዚያ ይካስ፣ ለዚያ ይፈረድበት። እኔም በርስቱ ላይ ያለኝን ክርክር አልተውሁም፤ ድርሻዬን እፈልጋለሁ፤ ይህም ቃል ከክርክሬ እንደ መመለስ እንዳይቆጠርብኝ። ነገር ግን የእኔና የእርሱ ጠብ የወንድምና የእኅት ጠብ ነው። የመንግሥት ጠብ አታድርጉት።

የምጨምረው ነገር እንዳለ ተጠይቄ የሚከተለውን ተናግሬአለሁ። ቅዳሜ ዕለት እዚህ በር ስንደርስ፣ በር የሚጠብቀው ወታደር እርሱን ወደ ውስጥ ለማስገባት ቋጠሯችንን ፈታው። ወታደሩ ልጅ ነው፣ አላወቀም። እንዲህ ያለውን ቋጠሮ የሚፈታው ጉዳዩን የሰማ ዳኛ እንጂ በረኛ አይደለም። ዳኛ እስኪፈታን ድረስ እኔ እንደተቋጠርሁ ነኝ። የነጠላዬ ጫፍ እንደተጨማደደ ነው፣ አላቃናሁትም።

ይህ ቃል ለእኔ በአማርኛ ተነብቦልኝ፣ ከተናገርሁት ያልተጨመረበትና ያልተጎደለበት መሆኑን ሰምቼ አረጋግጫለሁ። እውነት ያልሆነ ነገር ተናግሬ ብገኝ የሐሰት ምስክር ቅጣት እንዲደርስብኝ አውቄ ተስማምቻለሁ። መጻፍ ስለማልችል የቀኝ አውራ ጣቴን አትሜአለሁ።

የምስክሯ የጣት አሻራ፦ (ታትሟል)
ቃሉን የጻፈው፦ ዐሥር አለቃ ወልደ ኪዳን፣ (ፊርማ)
ሲነበብ የሰማ እማኝ፦ አቶ ጓዴ፣ (ፊርማ)

ማስታወሻ፦ ምስክሯ ቃላቸውን ከሰጡ በኋላ መሄድ እንደሚችሉና ወደ ሞጣ የሚመለሰው መኪና ሊነሣ መሆኑ ተነግሯቸዋል። አልሄዱም። ይህ እስከተጻፈበት ሰዓት ድረስ ተከሳሹ ካለበት ክፍል ግድግዳ ውጭ፣ የነጠላቸውን ጫፍ በእጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ዐሥር አለቃ ወ.ኪ.